ሐዘን በዳጣ

የወላይታን ዘፈን በሠርግ ቤት ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ሶዶ ውስጥ የሚተክዝ አለ ብሎ አይጠረጥርም። ከበሮ ሲመታ ወገብ ሥራውን ይጀምራል፤ ባለቤቱ ፈቀደም አልፈቀደም። ከረባት ያሰረው የባንክ ሠራተኛ፣ ጋቢ የለበሱት አዛውንት፣ «እኔ እንኳ አልጨፍርም» ብላ የገባችው የሙሽራዋ አክስት፣ ከበሮ ፊት ሁሉም እኩል ነው። መስከረም ላይ ጊፋታ ሲመጣማ ማን እንደሚጨፍር ሳይሆን ማን እንደቀረ ነው የሚጠየቀው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ይህን ጉድ አይቶ፣ «እናንተ አገር ግን ሰው ሆድ አይብሰውም?» አለኝ።

ይብሰዋል። ግን ሰዓት አለው። ቀን ሥራ ነው። ምሽት ላይ፣ ጭጋጉ ከዳሞታ ወርዶ ባጃጆቹ መብራት ሲያበሩ፣ ከሞተር ጩኸትና ከጥሩምባ መሀል አንድ ሻከር ያለ ድምፅ ይሰማል። አንዱ ባጃጅ ይዞት ያልፋል፤ ብዙም ሳይርቅ ሌላው ይቀበለዋል። እዮብ መኮንን ነው።

እዮብ የወላይታ ልጅ አይደለም፤ የተወለደው ጅግጅጋ ነው። ከሶዶ ጅግጅጋ ለመድረስ የአገሪቱን ወገብ ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ክለቦች ውስጥ የቦብ ማርሌይንና የአልፋ ብሎንዲን ዘፈኖች ሲጫወት ቆይቶ፣ በሚሌኒየሙ ሰሞን ኤልያስ መልካ ያቀናበረውን «እንደ ቃል» የተባለ አልበም አወጣ። ከዚያ አድናቂው ሁለተኛውን ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ሰውየው ድንገት ታሞ ለሕክምና ናይሮቢ ተወሰደና ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። «እሮጣለሁ» የተባለው ሁለተኛው አልበም ለሕዝብ የደረሰው ካረፈ ከዓመታት በኋላ ነው። በቃ፤ ያለው ይኸው ነው።

ሬጌ ሰውን ያስጨፍራል እንጂ አያስተክዝም የሚል ካለ እዮብን አልሰማም። ጊታሩ «ተነስ» ሲል ድምፁ «ቁጭ በል» ይላል። ሰሚው ከሁለቱ መሀል ይቀርና ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ወገቡ ለተመሰከረለት ከተማ፣ ራስን ብቻ እየነቀነቁ ማምሸት ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም።

አድናቂዎቹን አንድ ላይ ማየት የፈለገ ሰው ሥጋ ቤት ይሂድ። የእኛ ጠረጴዛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚሞላው። የሒሳብ መምህሩ አለ፣ ሁለት ባጃጅ አሠማርቶ እሱ ራሱ በእግሩ የሚሄድ ነጋዴ አለ፣ ነርሷ አለች፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። እኔ አለሁ። ቁርጡ ይመጣል፤ ጎን ለጎኑ ዳጣው። የወላይታን ዳጣ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ አንድ ላይ ተፈጭቶ ሲቀርብ መልኩ የዋህ ይመስላል፤ ምላስ ላይ ካረፈ በኋላ ግን ያለፈ ኃጢአትን ሁሉ ያስቆጥራል። ነጋዴው አንዱን ትልቅ ቁራጭ ዳጣው ውስጥ ነክሮ ጎረሰ። በዚያው ቅጽበት ከድምፅ ማጉያው የእዮብ አዝጋሚ ዘፈን ጀመረ። የነጋዴው ዓይን ሞላ። እንባው በግራ ጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። አሳላፊው ልጅ ደንግጦ ውኃ ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ዳጣው በዛ እንዴ?» አለው።

«አንተ ልጅ፣ ዝም በል» አለው፤ «ዘፈኑ አላለቀም።»

የዚያ እንባ ባለቤት እዮብ ይሁን ዳጣው እስከ ዛሬ አልተለየም። ነጋዴው ለእዮብ ነው ይላል። ሲስተር ግን በሙያዋ አይታው፣ አፍንጫውም አብሮ እንደፈሰሰ አስታውሳ፣ ለዳጣው ትፈርዳለች።

ይህን ጠረጴዛ ስከታተል የገባኝ አንድ ነገር አለ። የሐዘን ዘፈን የሚሰማው ያዘነ ሰው አይደለም። መምህሩን ልጥቀስ። ከእዮብ አድናቂዎች ሁሉ ጽኑ እሱ ነው፤ «እንደ ቃል»ን በገንዘቡ የገዛ፣ ሲዲውን ከነሽፋኑ ያስቀመጠ ብቸኛ ሰው ነው። ደመወዝ በዘገየባቸው ወራት ግን አንድም ቀን እዮብን ሲሰማ አላየሁትም። የቤት ኪራይ እየተጠየቀ፣ ባለሱቁ መዝገቡን እያሳየው፣ እሱ የሚያስከፍተው የወላይታ ጭፈራ ነበር፤ ያውም ፈጣን ፈጣኑን። «አሁን እዮብን ከሰማሁማ ተደፋሁ» ይል ነበር። ደመወዝ ገባ፤ ዕዳ ተከፈለ፤ ቁርጥ ታዘዘ። ያኔ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ፣ «በሉ እስቲ አሁን እዮብን ክፈቱልኝ» አለ።

ሆድ ሲሞላ ነው ሆድ የሚብሰው። ባዶውን ሆድ ሌላ ጉዳይ ይዞታል። ለቅሶ የተቀመጠ ሰውም ቢሆን ዘፈን አያስከፍትም፤ የእሱን ዜማ አልቃሾቹ ይዘውለታል። የእዮብ ትካዜ የተስማማ ኑሮ ይፈልጋል፦ የሞቀ ቤት፣ የተከፈለ ሒሳብ፣ ነገ ሥራ የማይገባበት ማታ። እንደ ቅቤ ነው፤ የተቸገረ ሰው ገበያ አውጥቶ ይሸጠዋል፣ የደላው አናቱ ላይ ያደርገዋል።

ክርክራቸውን ደግሞ መስማት ነው። አድናቂ ያለ ክርክር አይኖርም፤ የሕያው ዘፋኝ አድናቂዎች የሚከራከሩበት አዲስ ነገር አያጡም፣ የእኛዎቹ ግን እነዚያኑ ዘፈኖች ነው የሚያገላብጡት። የጦፈው ጠብ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መምህሩ አልበም በተርታው ነው የሚሰማው ባይ ነው። አቀናባሪው ይህን ከዚያ በፊት ያደረገው በምክንያት ነው፤ ሦስተኛውን ሰምቶ ወደ ስምንተኛው የሚዘል ሰው፣ እንደ መምህሩ አባባል፣ ማባዛትን ሳይማር ክፍልፋይ የሚሞክር ተማሪ ነው። ነጋዴው ግን ዘፈኖቹን የሚያውቃቸው ከፍላሽ ነው። ፍላሽ ደግሞ የአቀናባሪ ሐሳብ አያውቅም፤ በፊደል ተራ ነው የሚያጫውተው። ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለተጻፈ የነጋዴው እዮብ ከኤ ተነስቶ ዋይ ላይ ነው የሚያበቃው። ይባስ ብሎ መሀል ላይ የአንድ ሌላ ዘፋኝ የሠርግ ዘፈን ገብቶበታል፤ ፍላሽ የጫነው ልጅ ተሳስቶ ነው። ነጋዴው ግን ለብዙ ዓመት የአልበሙ አካል መስሎት ነበር። እንዲያውም «እዮብ ድምፁን የቀየረባት» እያለ ለብቻዋ ያደንቃት ነበር። መምህሩ ይህን የሰማ ቀን ቁርጡን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ።

ሲስተር በዚህ ሁሉ መሀል የራሷን ታቦት ይዛ ትቀመጣለች። እሷ የሚካያ በኃይሉ ናት። ሚካያም «ሸማመተው» የተባለውን አልበሟን የሠራችው በዚያው ሰሞን ነው፤ አቀናባሪውም ያው ኤልያስ መልካ ነው። እሷም በወጣትነቷ፣ ከእዮብ ሞት በኋላ ብዙም ሳይቆይ አረፈች። ወንዶቹ ስለ ሁለተኛው አልበም ሲጨቃጨቁ ሲስተር በዝግታ ጉርሻዋን ውጣ፣ «ሁለት አልበም ያለው ሀብታም ነው፤ እናንተ ምን ጎደለባችሁ?» ትላቸዋለች። ለዚህ መልስ የለም። በአድናቂዎች ዘንድ ያነሰ ያለው ነው የሚከበረው፤ ሃያ አልበም ያለውን ዘፋኝ ሁሉም ይወደዋል፣ አንድ አልበም ያላትን ግን ይሳሱላታል።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ጣል ላድርግ። የሞተ ዘፋኝን ማድነቅ ምቾት አለው። የሞተ ዘፋኝ የሪል እስቴት ማስታወቂያ አይሠራም። ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ስለ ፖለቲካ የማያውቀውን አይናገርም። ከሌላ ዘፋኝ ጋር ተጣልቶ አድናቂውን ለሁለት አይከፍልም፤ ከሚስቱ መፋታቱን ከስልክ ላይ አናነብም። ከሁሉ በላይ ደካማ አልበም አያወጣም። በሕይወት ያለን ዘፋኝ የወደደ ሰው ግን በየጊዜው ይፈተናል፤ «አዲሱን ሰማኸው?» ሲሉት ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ሲደጋገም ይገባል» ይላል።

ለዚህም ነው «እሮጣለሁ» ሲወጣ ጠረጴዛችን በደስታ ፈንታ ፍርሃት የገባው። ሰውየው ካረፈ በኋላ የመጣ አልበም ነው። ካልወደድነውስ? ለማን እናማርራለን? መምህሩ ሳይሰማው ከረመ፤ «ለክፉ ቀን አስቀምጬዋለሁ» አለ። ይህን ማለቱ ያስቃል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚሰማው ጭፈራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነጋዴው በመጣበት ቀን አስጭኖ ሌሊቱን ሲሰማው አደረና በማግስቱ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። «እንዴት ነው?» ብንለው፣ ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «ልጁ አለ» አለን። ከዚያ በላይ ሒስ ከሱ አልወጣም። እኔ ከብዙ የጋዜጣ ጽሑፍ የተሻለ ሒስ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ሳወራ አንድ ትልቅ ነገር እንዳልዘለልኩ ልናገር። ወላይታ የመዝሙር አገር ነው። ሚስዮናውያኑ በ1920ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ከመጡ ወዲህ ወንጌል በየቀበሌው ገብቷል፤ እሑድ ጠዋት ሶዶን በእግሩ የሚዞር ሰው ከአንዱ ቃለ ሕይወት መዘምራን ሳይወጣ የሌላው ይቀበለዋል። በብዙ ቤት ዘፈን ሁሉ ዓለማዊ ነው፤ ዓለማዊ ደግሞ ደጅ ይቀራል። ስለዚህ የእዮብ አድናቂ የመከላከያ ንግግሩን አጥንቶ ነው የሚኖረው። «ይሄ እኮ ዘፈን አይደለም፣ ምክር ነው» ይላል ልጅ ለእናቱ። እውነት አለው፤ የእዮብ ዘፈኖች ከዳሌና ከዓይን ይልቅ ስለ ኑሮ፣ ስለ ነገ፣ ስለ ሰው ልጅ የሚያወሩበት ጊዜ ብዙ ነው። እናትየው ግን በቀላሉ አትሸነፍም። «ምክር ከሆነ ጊታሩ ምን ያደርጋል?» ትላለች።

ጎረቤታችን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የተከበሩ ሰው ናቸው፤ አጥሩን ሲያጥሩም፣ እንሰቱን ሲከታተሉም ከአፋቸው መዝሙር አይለይም። አንድ ማለዳ ግን ከአጥሩ ወዲያ ሲያንጎራጉሩ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። መዝሙር አልነበረም። የእዮብ ዜማ ነው፤ ያውም ማንም ከማይደፍረው ከፍ ካለው ቦታ ሳይስቱ ነው ያወጡት። ሳሮ ብዬ ሰላምታ ካቀረብኩ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይህቺን ደግሞ ከየት አመጧት?» አልኳቸው።

ትንሽም አልደነገጡም። «ልጄ፣ ይሄ የድሮ ነው። ከመዳኔ በፊት የሰማሁት ነው» አሉ።

እንደ ጨዋ ጎረቤት ዝም አልኩ። ጋሼ የዳኑት በደርግ ዘመን ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመኑ በየቤቱ ተደብቆ ሲጸልይ በዚያ ጊዜ ስላመኑ፣ ምስክርነታቸውን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። አልበሙ የወጣው በሚሌኒየሙ። እንዴት ተደርጎ ከመዳናቸው በፊት እንደሰሙት መምህሩን ብጠይቀው ወረቀት አውጥቶ ቀነሰና፣ «ይህ ከሒሳብ በላይ ነው» አለኝ። ኋላ እንደደረስንበት የልጅ ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል፤ ጋሼን እሑድ እሑድ ወደ ጉባኤ የሚያደርሳቸው እሱ ነው።

ጋሼ ስሙን በግልጽ የሚያነሱት ዘፋኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሙሉቀን መለሰ። ሙሉቀን ገና ሕዝቡ ሳይጠግበው ዘፈኑን ትቶ ወደ ወንጌል ገባ፤ ኑሮውን አሜሪካ አድርጎ ሲዘምር ኖሮ ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። በሌላው አገር አድናቂው «ምነው አንዴ እንኳ በዘፈነልን» እያለ ሲመኝ ኖሯል። ሶዶ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። እዚህ ግማሹ ስለተወው ይወደዋል፣ ግማሹ ሳይተወው በፊት ስለሠራው። ዜናው በተሰማ ዕለት ሁለቱም ወገን አዘነ፤ አንደኛው መዝሙሩን፣ ሌላው ዘፈኑን ከፈተ። ጋሼ የሙሉቀንን ምስክርነት ለወጣቶች ሲተርኩ የተዋቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ በስማቸው ይዘረዝራሉ፤ ምን ያህል እንደተወ እንዲታወቅ ነው። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ግጥም የሰጠችውን ሁሉ ሳይቀር ያውቃሉ። ወጣቶቹ በጥሞና ያዳምጡና ዝርዝሩን ይዘው በቀጥታ ፍላሽ ቤት ይሄዳሉ።

ስለ ፍላሽ ቤት ካነሳን አይቀር፣ አድናቂነታችን የሚያፍርበት ቦታ እሱ ነው። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ የስልክ መያዣ የተንጠለጠለበት። ፍላሽህን ትሰጣለህ፣ «እዮብን ሙሉውን፣ ከተረፈ ቦታ ሚካያን» ትላለህ፤ ልጁ እያዛጋ ይጭንልሃል። የምትከፍለው ለጫነበት ነው። ለእዮብ ቤተሰብ፣ ለገጣሚው፣ ለኤልያስ መልካ ከዚያ ብር ሳንቲም አይደርስም። ኤልያስ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን፣ ሰው በስልኩ እየከፈለ ሙዚቃ የሚያወርድበትን መተግበሪያ ያስጀመረውም ለዚህ ነው። በወራት ውስጥ፣ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሱም አረፈ። በሰማንበት ቅዳሜ ጠረጴዛችን ላይ ንግግር ተደረገ። ነጋዴው ተነስቶ፣ ኤልያስ ለዚህች አገር ሙዚቃ የዋለውን ውለታ ዘርዝሮ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «እንደዚህ ያለ ሰው ላይ እኮ ነው ግፍ የተሠራው» አለ። መምህሩ ቀና ብሎ ኪሱን አየ። የነጋዴው ፍላሽ ከቁልፉ ጋር ተንጠልጥሏል፤ ሠላሳ ሁለት ጊጋ፣ አፍ እስከ ገደፉ የሞላ።

«ስንት ከፈልክበት?» አለው።

«እንዴ፣ ልጁ ደንበኛዬ ነው፤ በነፃ ነው የሚጭንልኝ።»

በዚያ ቀን እንዲያካክስ ተብሎ የሁላችንንም ሒሳብ እንዲከፍል ተፈረደበት። ገንዘቡ ለሥጋ ቤቱ እንጂ ለሙዚቃው ባለቤቶች እንዳልደረሰ ያስታወሰች ሲስተር ብቻ ነበረች፤ ግን እሷም በልታ ከጨረሰች በኋላ ነው ያስታወሰችው።

ሐዘኑን በንግድ ፈቃድ የያዙት ግን ባጃጅ ነጂዎቹ ናቸው። የጋሼ የልጅ ልጅ ከነሱ አንዱ ነው። ወንበሩን በቀይ ቬሎር አልብሶ፣ ከኋላ ከባጃጁ የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ ገጥሞ፣ መስታወቱ ላይ የወላይታ ዲቻን ዓርማ ለጥፏል። ዲቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ካይሮ ላይ በመለያ ምት ሲያስወጣ ከተማው አብዶ እስኪነጋ ሲጨፍር፣ ይህ ልጅ እንኳ ጭፈራ ከፍቶ ነበር ይባላል። ከዚያ ውጭ እዮብ ነው፤ ደንቡንም አክብሮ፣ በተርታው። መምህሩ ከሌላ ባጃጅ ይልቅ እሱን የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

ባለፈው ሰሞን ማምሻውን ተሳፈርኩ። አጠገቤ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ አንዲት እናት አሉ። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ። ልጁ ሳይዞር ጣቱን ወደ ላይ አነሳ፤ ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ነው። መናኸሪያው አለፈ። ጊታሩ ይንቆረቆራል፣ ልጁ ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔ የምወርድበት እየራቀ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ መዝሙር ነው?» አሉ እናትየው።

«ምክር ነው፣ እማማ።»

«አዪ! ምክርማ ከሆነ ይጨርስ» ብለው ቅቤያቸውን አስተካክለው ያዙ።

የመጨረሻው ጊታር ሲያልቅ ልጁ ባጃጁን ዳር አስይዞ ቆመና በትሕትና ወደ እኔ ዞረ። «ይቅርታ ጋሼ፣ መሀል ላይ አይቆረጥም ብዬ ነው። እመልስዎታለሁ፤ ለመመለሻው ሒሳብ የለም» አለ። አዞረው። ገና መንገድ ሳንጀምር ቀጣዩ ዘፈን ገባ። እናትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይሄኛውስ ረጅም ነው?» አሉኝ።